መንፈስ የሰፈረበት ኮምፒውተር

ዘጠኝ ዓመቴ ላይ በመንፈስ ጉዳይ ሊቅ ነበርኩ። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ እንደምታዩት የሚያኮራ ነገር የለውም። አያቴ እምባህ ካርሶ ከዮግያካርታ ከተማ በስተደቡብ ባለው ሰፈራችን የጃቲላን ጭፈራ ቡድን መላሽ፣ ማለትም መንፈስ የሰፈረበትን ወደ ራሱ የሚመልሱ ሰው ነበሩ። ወጣቶቹ ከቀርከሃ የተጠለፈ ፈረስ በእግራቸው መሃል ይዘው፣ ከበሮው እየተመታ ሲጨፍሩ ሲጨፍሩ መንፈስ ይሰፍርባቸዋል። ሣር ይግጣሉ፣ ኮኮናት በጥርሳቸው ይልጣሉ፣ የባሰበትም ብርጭቆ ያኝካል። ያን ጊዜ እምባህ ጅራፋቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ይገቡና አንዱን አንገቱን አቅፈው በጆሮው አንድ ነገር ይነግሩታል። ልጁ ዝልፍልፍ ብሎ ይወድቃል። ውሃ ሲረጩት ዓይኑን ይገልጥና "የት ነው ያለሁት?" ይላል። ከሆነው ሁሉ አንድም ነገር አያስታውስም።

በዚህ ሙያ ከእምባህ ቀጥሎ የምቀመጠው እኔ ነኝ ብዬ አምን ነበር። ሹመቱን የሰጠኝ ሰው የለም። ሕጉን ግን በቃሌ እወጣዋለሁ፤ መንፈስ የሰፈረበት ሰው አጠገብ አይፏጭም፤ ቀይ ለብሶ አይቀረብም፤ በስሙ አይጠራም። ይህን ሳውጅ ድምፄ ከመስጊዱ ድምፅ ማጉያ አያንስም ነበር ይላሉ በልጅነቴ የሚያውቁኝ፤ ሲሉም አይስቁም።

እናቴ፣ ሰፈሩ ቡ ማለትም እትዬ ሙርሲህ የሚላት፣ የቤታችንን የፊት ክፍል ኮምፒውተር ማከራያ አድርጋው ነበር። የመመረቂያ ጽሑፍ የያዙ ተማሪዎች በሰዓት እየከፈሉ ይተይቡበታል። ኮምፒውተሮቹ ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ግን ከሞተ ቆይቷል፤ ሆድ ዕቃው እየተፈታ ለወንድሙ መለዋወጫ ሆኖ አልቋል። በሚሠራው ላይ ከማንም በላይ የሚቀመጠው ማስ ፕሪህ፣ ወንድም ፕሪህ እንደማለት፣ የምንለው ቀጫጫ ተማሪ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ከገባ ሰባት ዓመቱ ነው። እናቴ እኔን እያሳየች "ከኔ ወኒንግ ጋር አንድ ላይ ትመረቃላችሁ" እያለች ትቀልድበታለች። የሚጽፈው ስለ ሰፈራችን ጃቲላን ስለሆነ ከእምባህ እግር ሥር አይጠፋም፤ ይጠይቃቸዋል፣ ሲጋራ ይገዛላቸዋል፣ የተናገሩትን ይጽፋል። እኔ እንደ ደቀ መዝሙር ነበር የማየው፤ ማዕረጉም ከኔ በታች ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ማስ ፕሪህ መጥቶ ኮምፒውተሩን ሲያበራው ጥቁር መስኮት ላይ አንዲት ነጭ ሰረዝ ብልጭ ድርግም ከማለት በቀር ምንም አልመጣም። አክስቴ ቱቲክን ጠራት። ቱቲክ የእናቴ ታናሽ ናት፤ እኛው ጋር እየኖረች ከተማ ውስጥ ኮምፒውተር ትማራለች።

"ቱቲክ፣ ይሄ ነገር ሞተ እንዴ?"

"አጥፍተህ አብራው።"

"ስንቴ አጥፍቼ አበራሁት። እጄ እስኪዝል።"

አክስቴ ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ሳጥኑ ላይ አስጠጋች። እኔም አስጠጋሁ። ከውስጥ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። አንድ ሰው በር የሚያንኳኳ መሰለኝ።

"ቫይረስ ኮምፒውተሩን የሚያስነሳውን ስርዓት በልቶታል" አለች አክስቴ። "ሁሉ ነገር የተቀመጠበት ሃርድ ዲስኩም እያጣጣረ ነው።"

ማስ ፕሪህ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። እናቴ ከጓዳ ብቅ አለች።

"ሰኞ አይደል እንዴ የምታስረክበው?"

"ሰኞ ነው ቡ። ሰኞ ካላስረከብኩ ያባርሩኛል። ሌላ ዕድል አይሰጡኝም፣ ደብዳቤውም ደርሶኛል።"

"ቅጂ የለህም?"

"ዲስኬቶቹ በዝናቡ ሻገቱ። መምህሬ ጋ ያለው ወረቀትም የመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ብቻ ነው። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ገና አላተምኳቸውም።"

እናቴ ራሷን ነቀነቀች። "እኔ አንድ ጆንያ ሩዝ እንዳይሻግት ፀሐይ ላይ አወጣለሁ፣ አስገባለሁ። አንተ የሰባት ዓመት ልፋትህን እንዲሁ አስቀመጥከው?"

"ተይው አሁን" አለች አክስቴ። "ትምህርት ቤት የምንጠቀምበት ሲዲ አለ። ሌላ ስርዓት ሙሉ በሙሉ እሱ ላይ ነው ያለው። ኮምፒውተሩ የራሱን ትቶ ከሲዲው ይነሳል። ውስጡ ያለውን ሳይነካ ይሠራል፤ ፋይሉንም ፈልገን እናወጣለን። ሲዲውን ስናወጣው ደግሞ እንዳልነበረ ይሆናል።"

እኔ ጣቴን አወጣሁ። "ከዚያ በኋላ ያስታውሳል?"

"ምኑን?"

"ያደረገውን።"

"ምንም አያስታውስም።"

ለኔ ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ። ከውጭ የሚመጣ፣ በሰውየው ገላ ገብቶ የሚነሳ፣ የሰውየውን ያልሆነ ሥራ የሚሠራ፣ ሲወጣም ሰውየው ምንም የማያስታውስ ነገር ምን እንደሆነ የመላሹ የልጅ ልጅ አይነገራትም። የገረመኝ ትልልቆቹ እንደዚህ በግልጽ አውርተውት ሳይፈሩ መቅረታቸው ነበር። ዛሬ ኑሮዬ ኮምፒውተር መጠገን ነው፤ ሰው ይህንን ዓይነት ሲዲ አስረጂን ሲለኝ ከዚያ የተሻለ ማብራሪያ አጥቼ አውቃለሁ።

የዚያን ሲዲ ቅጂ ለማሠራት ከአክስቴ ጋር መንገድ ዳር ወዳለው ኢንተርኔት ቤት ሄድን። እዚያ የሚሠራው ልጅ ጋ የአክስቴ የትምህርት ቤት ጓደኞች ያስቀመጡት የሲዲው ትልቅ ፋይል ነበር። ሲዲው ላይ ገለበጠልን፤ ይዘን ቤት ስንመለስ ኮምፒውተሩ ዞር ብሎም አላየው። ያው ጥቁር መስኮት፣ ያቺው ሰረዝ።

ተመልሰን ሄድን። አክስቴ ሲዲውን ለልጁ አሳየችው።

"ምን አድርገህ ነው የሰጠኸኝ?"

"ፋይሉን ነዋ። ገልብጬ።"

"እንደ ዘፈን ነው የገለበጥከው። ጥቅሉን ሳትፈታ ሲዲ ውስጥ አስቀመጥከው እኮ። የሙሉ ሲዲ ምስል ነው፤ ተዘርግቶ ነው መጻፍ ያለበት። ደግሞ ቀስ አድርገህ ጻፈው፣ በሩጫ ሲጻፍ ይበላሻል።"

እኔ የከሸፈበትን ምክንያት አውቄዋለሁ፤ ገጸ በረከት አልቀረበም። መንፈስ በባዶ እጅ አይጠራም። ከደጁ ያለውን ሙዝ ሻጭ ለምኜ አንድ ሙዝ አመጣሁ፣ ከአጥሩ የጃስሚን አበባ ቀጠፍኩ፣ ሁለቱንም ሲዲ መጻፊያው አጠገብ አስቀመጥኩ። ሁለተኛው ሲዲ ተጽፎ ሲያልቅ ሙዙ የለም። ቆሻሻ ቅርጫቱ ውስጥ ልጣጩን አየሁት፤ መንፈሱ ልጣጩን መሬት የማይጥል ጨዋ ነው ብዬ ተደነቅሁ። የኢንተርኔት ቤቱ ልጅ አፉን እየጠረገ ነበር፤ ይህንን ያስተዋልኩት ግን ካደግሁ በኋላ ነው።

እንደገና ሞከርን። አክስቴ ገና ሲበራ አንዲት ቁልፍ እየደጋገመች ተጭና ከሲዲው እንዲጀምር አዘዘችው። የሲዲው ማስገቢያ ጉር ጉር አለ። ከዚያ መስኮቱ ላይ ማንም የማያነበው ጽሑፍ መውረድ ጀመረ፤ ልክ ጨፋሪዎቹ መንፈስ ሲሰፍርባቸው በማናውቀው ቋንቋ እንደሚለፈልፉት። ጥግ ላይ ደግሞ ሆዷ የነጣ ዳክዬ ብቅ አለች። አክስቴ ፔንጉዊን ናት አለችኝ፤ እኔ ግን ዳክዬ አውቃለሁ። የዳክዬ መንፈስ ዝቅተኛ ማዕረግ ያለው ስለሆነ ብዙም አልፈራሁም።

መስኮቱ ሰማያዊ ሆነ። ማስ ፕሪህ እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ በጣቶቹ መሃል ያያል። አክስቴ አሮጌውን ሃርድ ዲስክ ከፍታ ማኅደሩን አገኘችው፤ ጽሑፉን ወደ ሰማያዊው መስኮት ጎትታ አወጣችው። ሲከፈት ገጾቹ ሁሉ በየቦታቸው ናቸው። ማስ ፕሪህ ከት ብሎ ሳቀ። ከዚያ ከሳጥኑ ውስጥ ቀጭ ቀጭ ሲል የነበረው ነገር አንድ ረጅም ድምፅ አሰማና ፀጥ አለ።

"ምንድን ነው?" አለች እናቴ።

"ሃርድ ዲስኩ ሞተ።"

"ታዲያ ጽሑፉ ይኸው እየታየ አይደል?"

አክስቴ ከመስኮቱ ላይ ዓይኗን አላነሳችም። "የምታይው ነገር አሁን የትም አልተቀመጠም። ኮምፒውተሩ በአፉ እንደያዘው ቁጠሪው። መብራት ከጠፋ ያልቃል።"

"ሲዲ ላይ ጻፊዋ።"

"ማስገቢያው አንድ ነው፤ እሱም ውስጥ ስርዓቱ አለበት። ካወጣሁት ይወድቃል።"

"አትሚው።"

"ይሄ ስርዓት የእኛን ማተሚያ አያውቀውም። ፍላሽ ያስፈልገኛል። ከተማ ያለው የክፍል ጓደኛዬ ሄንድሪ ጋ አለ፤ ሞተሩን ይዤ ልሂድ።"

ይህ እንግዲህ ቀላል ነገር ይመስላል። ቤታችን የሚገባው የመብራት ኃይል ግን ለጉድ ያነሰ ነበር። ሩዝ ማብሰያውና ካውያው አንድ ላይ ከተሰኩ፣ ወይም ኮምፒውተሩ በርቶ የውሃ ፓምፑ ከተነሳ፣ ውጭ ግድግዳው ላይ ያለችው የቆጣሪው ማብሪያ ቀጭ ብላ ትወርዳለች። በዚያ ላይ የሰፈሩ ልጆች የሰው ቆጣሪ አጥፍቶ መሮጥን የመሰለ ጨዋታ አልነበራቸውም። አክስቴ ቆማ አዘዘች፤ ሩዝ አይጣድም፣ ልብስ አይተኮስም፣ ውሃ አይሳብም። እኔም ቀጥዬ የበኩሌን አዘዝኩ፤ አይፏጭም፣ ቀይ አይለበስም፣ በስሙ አይጠራም። በእኔ ቤት የሷም የኔም ሕግ የአንድ መጽሐፍ ሁለት ገጾች ነበሩ።

ከዚያ መንፈስ የሰፈረበትን ነገር ያለ መላሽ ትቶ መሄድ ነውር ስለሆነ ሮጬ እምባህን ጠራሁ። እምባህ ከነጅራፋቸው መጡ። አክስቴ ሞተሩን አስነስታ ሳለች ጆሯቸው ላይ አንሾካሾከችላቸው፤ ከሁሉም የሰማሁት መጨረሻውን ነው።

"… ይህን እያወቁ?"

"ሂጂ አንቺ። ዝናብ ሳይቀድምሽ" አሏት።

ዱካ ጎትተው በረንዳው ላይ ከቆጣሪው ሥር ተቀመጡ፤ ጅራፉንም ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት። መንፈሱ የሚመላለሰው በሽቦው በኩል መሆኑ ወዲያው ገባኝ፤ ያን ያህል ሊቅ ነበርኩ።

የኔ ጥበቃ በሩ ላይ ነበር። ቀይ ካናቴራ የለበሰ ተማሪ ወረቀት ሊያባዛ መጣ፤ አውልቆ ካልሆነ አይገባም ብዬ ከለከልኩት። ልጁ እናቴን አያት፤ እናቴ "ሰኞ ና ልጄ፣ ዛሬ ቤታችን ልክ አይደለም" አለችው። ቀጥሎ የፑቱ ሻጩ ጋሪውን እየገፋ ብቅ አለ። የፑቱ ኬክ በቀርከሃ ውስጥ በእንፋሎት ስለሚበስል ጋሪው ቀኑን ሙሉ ያፏጫል። እጄን ዘርግቼ መንገዱ ላይ ቆምኩበት።

"እዚህ ማፏጨት ክልክል ነው።"

"እኔ አላፏጨሁም፤ እንፋሎቱ ነው።"

"እንፋሎቱን ዝም አሰኘው።"

"አንቺ ልጅ፣ ከተወለድሽ ጀምሮ በዚህ በር አልፋለሁ።"

"ዛሬ ሌላ ቀን ነው። ቤት ውስጥ የሰፈረበት አለ።"

ሰውየው እምባህን ከትከሻዬ በላይ አያቸው። እምባህ አገጫቸውን ወደ ወዲያኛው መንገድ ቀሰር አደረጉለት፤ ጋሪውን አዙሮ ሄደ። ያን ቀን በራሴ ግርማ ያባረርኩት መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ ነበር የዋልኩት።

ማስ ፕሪህ ግን ግራ አጋባኝ። ሌላ ጊዜ ከእምባህ ጎን የማይጠፋ ሰው፣ ያን ቀን ሻይ ሲያመጣላቸው ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ አንገቱን ደፍቶ ሰጥቷቸው ዓይናቸውን ሳያይ ወደ ውስጥ ተመለሰ። መንፈሱን ፈርቶ ነው ብዬ ናቅሁት። ማዕረጉ ከኔ በታች መሆኑን እንደገና አረጋገጥኩ።

ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረ። ጎጎን የሚባለው የጎረቤት ልጅ በአጥሩ ሥር እየተሳበ መጥቶ እጁን ወደ ቆጣሪው ሰደደ። እምባህ ከዱካቸው ሳይነሱ ጅራፉን አየር ላይ አጮሁት። ጎጎን ጫማውን ጥሎ ሮጠ።

ግን ነገሩን ልታበላሽ የነበረችው ሕጉን የተቀበለችው እናቴ ናት። በማግስቱ ሠርግ ነበረባት፤ ደመናው ሲያጨልመው አምፖሉን አበራች፤ ከዚያም እጇ በልማድ የካውያውን ገመድ ግድግዳው ላይ ሰካ። አምፖሉ እንደሚያንቀላፋ ሰው ዓይን ፍዝዝ አለ። ሰማያዊው መስኮት ተንቀጠቀጠ። ማስ ፕሪህ ከወንበሩ ዘሎ ገመዱን ነቀለው፤ በዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጠ። አምፖሉ ተመልሶ በራ። መስኮቱም አለ።

"ወይኔ፣ ረሳሁት" አለች እናቴ። "ልጄ ይቅር በለኝ፣ ረሳሁት እኮ።"

ማስ ፕሪህ ከወለሉ አልተነሳም። የገመዱን ጫፍ እንደጨበጠ ነበር። ያኔ የገባኝ ነገር ቢኖር ሰውየው ከልቡ መፍራቱ ነው፤ ምኑን እንደሆነ ግን ከኔ የተሻለ የሚያውቅ አለ ብዬ አልጠረጠርኩም።

አክስቴ ዝናብ አብስብሷት ገባች። ፍላሹን በላስቲክ ጠቅልላ ከጡቷ ሥር ነበር የያዘችው። እጇን በፎጣ አደራርቃ ሰካችው፤ ጽሑፉን ገለበጠችበት፤ ከዚያም ከፍላሹ ላይ ከፍታ እስከ መጨረሻው ገጽ ወረደች። "ገብቷል" አለች። ማስ ፕሪህ ፍላሹን ተቀብሎ የሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ከተተው፤ ቁልፉንም ቆለፈ፤ ከላይ ደግሞ በመዳፉ ሸፈነው።

አክስቴ ሲዲውን ልታወጣ ስትል እጇን ያዝኩት።

"እምባህ ሳይመልሱት አይሆንም።"

አክስቴ ልትስቅ ነበር። እምባህ ግን ተነስተው ገቡ። ሳጥኑን ልክ እንደ ጨፋሪ ልጅ በክንዳቸው አቀፉት፤ ጎንበስ ብለው አንሾካሾኩለት። ቀና ሲሉ ለአክስቴ ምልክት ሰጧት፤ ሲዲው ወጣ፤ መስኮቱ ጠቆረ። ሲበራም ያቺው ነጭ ሰረዝ ናት። አንድም ነገር አላስታወሰም። ከመደሰቴ ብዛት አለቀስኩ።

ዝናቡ ሲያባራ ማስ ፕሪህ ወደ በረንዳው ወጣ፤ እምባህ ዱካቸው ላይ ተመልሰው ተቀምጠዋል። እሱ ሌላ ዱካ እያለ መሬት ላይ፣ እግራቸው አጠገብ ተቀመጠ። እኔም ከጎናቸው ቆምኩ፤ የባለሙያዎች ጨዋታ መስሎኝ።

"እምባህ" አለ። "የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ያለው ነገር …"

"አውቃለሁ። ቱቲክ አንብባልኛለች።"

"መቼ?"

"ባለፈው ሳምንት። የሚተየበው ኮምፒውተራችን ላይ አይደል? እኔ ማንበብ ባልችልም የሚያነብልኝ አላጣም።"

ማስ ፕሪህ ፊቱ ተለዋወጠ። እኔ የገባኝ፣ ዳክዬዋ የተደበቀችው በመጨረሻው ምዕራፍ ውስጥ እንደነበር ነው። ምዕራፉ የሚለውን አክስቴ የነገረችኝ እኔ ራሴ ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ፣ እምባህም ካረፉ በኋላ ነው። ማስ ፕሪህ ከጨፋሪዎቹ ጋር ለብቻቸው ተነጋግሮ ነበር። አብዛኞቹ መንፈስ እንደማይሰፍርባቸው፣ ሁሉንም ነገር እንደሚያስታውሱ፣ ቀኑን ጡብ ሲያቃጥሉ ውለው ለአንድ ሰዓት ያህል የፈለጉትን መሆን ደስ ስለሚላቸው እንደሚያስመስሉ ነግረውታል። መላሹም ይህን እያወቀ "ይበቃሃል" የሚል ምልክት ብቻ በጆሯቸው ይሰጣል ብሎ ጽፏል፤ የእምባህን ስም ጠቅሶ። እኔ እንግዲህ ኮምፒውተሩን በጨፋሪዎቹ ለክቼ ነበር የመረመርኩት፤ የጨፋሪዎቹን ነገር ደግሞ ከሰፈሩ ሰው ሁሉ የማላውቀው እኔ ነበርኩ።

"ታዲያ ለምን?" አለ ማስ ፕሪህ። "ቀኑን ሙሉ ቆጣሪው ከራስዎ በላይ ነበር። ለማጥፋት ጣትዎን ማንሳት ብቻ ነበር። ልጆች አጠፉት ይባል ነበር፤ እኔም አምን ነበር።"

እምባህ ሲጋራቸውን ለኮሱ። ክብሪቱ በእርጥበቱ እምቢ ብሏቸው ደጋገሙት።

"ልጄ፣ የእኔ ሥራ ሰው በሰላም እንዲመለስ ማድረግ ነው" አሉ። "ከተመለሰ በኋላ ስለ እኔ የሚናገረውን መምረጥ አይደለም።"

ማስ ፕሪህ ግንባሩን ጉልበቱ ላይ ደፍቶ አለቀሰ። ሰው መንፈሱ ሲለቀው እንደሚያለቅስ አውቅ ስለነበር ጀርባውን መታ መታ አድርጌ "አይዞህ፣ መጀመሪያ ላይ እንዲህ ያደርጋል" አልኩት። እምባህ ወደኔ ዞሩ።

"ሂጂና እናትሽን ሩዙን ትጣደው በያት።"

"መንፈሱ ወጥቷል ብዬ ለሰፈሩ ልንገራቸው?"

ማስ ፕሪህ ቀና አለ፤ ዓይኖቹ ቀልተዋል። እምባህ እሱን አየት አደረጉና ጭሱን ወደ ጎን እፍ አሉት።

"ንገሪያቸው" አሉኝ።